ለመጻፍ መቀመጥ፦ ዜን የሰጠኝና ያልሰጠኝ

ዜን፣ ማለትም ዝም ብሎ መቀመጥን የሚያስተምረው የቡድሂዝም ወግ፣ ታሪክ አይሰጥም። ይህን ከመጀመሪያው ብናገር ይሻላል፤ ምክንያቱም ብዕራቸው የደረቀባቸው ጓደኞቼ «አንቺ ሜዲቴሽን ትሠሪያለሽ፣ ሐሳቡ የሚመጣልሽ ከዚያ ነው አይደል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ለሜዲቴሽን የምቀመጥበት ትራስ ላይ ሆኜ አንድም ሙሉ ታሪክ መጥቶልኝ አያውቅም። ያገኘሁት ነገር ሌላ ነው። ልነሣ ልነሣ ሲለኝ ሳልነሣ መቆየትን ተማርኩ። ለጽሑፍ ደግሞ ከዚህ በላይ የሚያስፈልግ ነገር ጥቂት ነው። ይህን የምጽፈው ሥራና ኑሮ እያዋከባቸው በአማርኛ ለመጻፍ ለሚታገሉ፣ ተጀምሮ የቀረ ረቂቅ ስልካቸው ውስጥ ለተጠራቀመባቸው ሰዎች ነው።

የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። ሌሊት አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ፤ ቀን ቀን አጫጭር ልቦለድ እጽፋለሁ። አስተማሪ አይደለሁም። የምነግራችሁ እኔ ላይ የሆነውንና ያነበብኩትን ብቻ ነው።

ለመጻፍ ስቀመጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ፤ ከእናንተ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም። አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ደረቴ አካባቢ የሆነ ነገር ይከብደኛል። ወዲያው ቡና ያምረኛል። ወይ እህቴ ከአዲስ አበባ የላከችው የድምፅ መልእክት ትዝ ይለኛል፣ ወይ ማጠቢያው ውስጥ የረሳሁት ልብስ፣ ወይ ያልከፈልኩት የመብራት ሒሳብ። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ጉዳዮች ናቸው፤ ለዚህም ነው በቀላሉ የሚያስነሡን። ሰው ከወረቀቱ የሚነሣው ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው ነገር ወደሚያመው ቦታ ወይም ወደማያውቀው ቦታ ሲጠጋ ነው የሚነሣው፤ ቡናው ሰበብ ሆኖ ይገኛል።

ዛዜን፣ ማለትም የዜን አቀማመጥ፣ ውስጥም ይኸው ስሜት ይመጣል። ልዩነቱ እዚያ መሄጃ የለም። ዜን ውስጥ ካሉት ወጎች፣ ሶቶ በሚባለው ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚቀመጡት፤ ሪንዛይ በሚባለው ደግሞ ወደ ክፍሉ መሃል። እግር አጣጥፎ ክብ ትራስ ላይ፣ ጀርባ ቀጥ ብሎ፣ አገጭ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። ዓይን አይጨፈንም፤ ግማሹ ተከፍቶ ወደ ታች ያያል። ግራ እጅ በቀኝ እጅ ላይ ያርፋል፣ አውራ ጣቶች ለመንካት ያህል ብቻ ይገናኛሉ። ደወል ይመታና ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ብዙ ቦታ አንዱ ዙር 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ድሮ በጃፓን ገዳማት ጊዜው የሚለካው የእጣን ዘንግ ነዶ እስኪያልቅ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ደስ ይላሉ። ከዚያ ጉልበት ይጀምራል፣ አፍንጫ ያሳክካል፣ የትናንቱ ጭቅጭቅ ተመልሶ ይመጣል፣ መናገር የነበረብኝን መልስ አሁን አሳምሬ እመልሳለሁ። ከዚያ «በቃ ልነሣ» የሚለው ይመጣል። ሲመጣ ትእዛዝ ይመስላል። ቆይታችሁ ስታዩት ግን ሙቀት ነው፣ የትከሻ መወጠር ነው፣ ሆድ ውስጥ መቁነጥነጥ ነው። ይከራከራል፣ ይጮኻል፣ ምክንያት ይደረድራል፤ ከዚያ እናንተ ምንም ሳታደርጉት ይረግባል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ እንደ አዲስ ይመጣል። ይህን ደጋግሞ ማየት ነው ሥራው። ሌላ ምሥጢር አላገኘሁበትም።

አንድ ታሪክ እየጻፍኩ ነበር፤ እናቷ አገር ቤት ማረፏን በስልክ ስለተረዳች፣ የጥገኝነት ጉዳይዋ ስላላለቀ መሄድ ስለማትችል ሴት። መርዶውን የምትሰማበት ቦታ ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ተነሥቼ ምጣዱን ማጠብ አማረኝ። ትከሻዬ ተወጥሯል፣ ጆሮዬ ግሏል። ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት፤ ይህን ስሜት አውቀዋለሁ፣ ግድግዳ ፊት ለፊት ስንት ጊዜ መጥቶ ሄዷል። ስለዚህ አልነሣሁም። ምንም ሳልጽፍ ብዕሩን እንደያዝኩ ትንፋሼን እየሰማሁ ቆየሁ። ከዚያ የመጣው ዓረፍተ ነገር ስለ ልቅሶ አልነበረም። ሴትየዋ ስልኩን ዘግታ የገዛችውን ወተት ፍሪጅ ውስጥ ታስገባለች፣ መልሳ ታወጣዋለች፣ መልሳ ታስገባዋለች። ታሪኩ ከዚያ በኋላ ሄደ። ይህን የምለው ዓረፍተ ነገሩ ድንቅ ነው ለማለት አይደለም፤ ምጣድ እያጠብኩ ቢሆን ኖሮ ግን አላገኘውም ነበር።

እንዴት እንደሚጀመር ለሚጠይቁኝ፦ ከ40 ደቂቃ አትጀምሩ። 10 ደቂቃ በቂ ነው። ወለል ላይ መቀመጥ የማይችል ሰው ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ ጀርባውን ሳይደገፍ፣ ሁለት እግሩን መሬት ላይ አድርጎ። የስልካችሁን ሰዓት ሙሉና ስልኩን ከኋላችሁ አስቀምጡት። ትንፋሽ ስታወጡ በልባችሁ አንድ በሉ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ እንዲያ እያላችሁ እስከ አሥር፤ ከዚያ ወደ አንድ ተመለሱ። ሐሳብ ወስዷችሁ አሥራ ሰባት ላይ ራሳችሁን ብታገኙት ወይም ከሦስት በላይ መድረስ ቢያቅታችሁ ምንም አይደለም። ከአንድ ጀምሩ። ተሳካ አልተሳካ ብላችሁ ነጥብ አትስጡት። እግር ቢደነዝዝ ችግር የለውም፣ ከመነሣታችሁ በፊት አሹት፤ ጉልበት ውስጥ የሚወጋ ሕመም ከተሰማችሁ ግን ወዲያው አቀማመጥ ቀይሩ። ጉልበት ተጎድቶ የተሻለ ልቦለድ የጻፈ ሰው የለም።

አሁን ለጸሐፊ ከሁሉም ከባድ ወደሆነው ልምጣ። ጸጥ ብላችሁ ስትቀመጡ ዓረፍተ ነገር ይመጣል። ለዚያውም የሚያምር። ስንት ቀን ስትፈልጉት የነበረው የታሪኩ መጀመሪያ ድንገት ይገጣጠማል፣ ልባችሁ ይመታል፣ ብዕር ያስፈልጋችኋል፣ ደወሉ እስኪመታ ደግሞ ገና ነው። ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ይህን ለዜን አስተማሪያችን አንሥቼላቸው ነበር። ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ከትራሱ ሥር ላድርግ ወይ አልኳቸው። «እዚያ ከጻፍሽ እየጻፍሽ ነው፣ እየተቀመጥሽ አይደለም። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ግን በየተራቸው» አሉኝ።

መጀመሪያ አልተዋጠልኝም። ሐሳብ እኮ እንደ ልብ አይገኝም፤ ሲመጣ አለመያዝ ብክነት መሰለኝ። ቢሆንም ያሉኝን አደረግሁ፤ ከጊዜ በኋላም ሦስት ነገር አየሁ። አንደኛ፣ በዝምታ መሃል ወርቅ የሚመስለው ዓረፍተ ነገር አብዛኛው በቀን ብርሃን ሲታይ ተራ ነው። ዝምታው ነው ያደመቀው። ሁለተኛ፣ በእርግጥ የሚያስፈልገኝ ነገር ተመልሶ ይመጣል፤ ያን ቀን ባይሆን በሳምንቱ፣ አንዳንዴም ከመጀመሪያው በተሻለ መልክ። ሦስተኛውና ትልቁ፣ የሚያምርን ነገር ሲሄድ ዝም ብሎ ማየት እጅን ያለማምዳል። ረቂቅ ስታርሙ ከሁሉም የሚከብደው መጥፎውን መሰረዝ አይደለም፤ ቆንጆ ሆኖ ለታሪኩ የማይሆነውን መሰረዝ ነው። ትራሱ ላይ የለቀቅኋቸው ዓረፍተ ነገሮች ወረቀቱ ላይ ያሉትን መልቀቅ አስተማሩኝ። በፊት ለአንድ ቆንጆ አንቀጽ ስል ታሪኩን በሙሉ አጣምም ነበር፤ አሁን አንቀጹን ቆርጬ አወጣለሁ።

ዝም ብሎ መቀመጥና ድርሰት ለእኛ እንግዳ አይደሉም እኮ የሚል ይኖራል። እውነት ነው። የቅኔ ተማሪ ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርሙታል። ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና ስንት ሰዓት ዝምታ እንደምትጠይቅ የቅኔ ቤት ልጆች ይነግሯችኋል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የቅኔው ተማሪ እየሠራ ነው የተቀመጠው፤ ሰሙንና ወርቁን በልቡ እያገላበጠ ነው። ዛዜን ላይ የሚቀመጥ ሰው ግን ምንም ሊሠራ አልተቀመጠም። ሁለቱን ማደባለቅ ሁለቱንም ያዳክማል ባይ ነኝ። ለታሪክ ማሰብ ከፈለጋችሁ ተራመዱና አስቡ፣ ተኝታችሁ አስቡ፤ ያቺን 10 ደቂቃ ግን ለቀቅ አድርጓት።

ስለ ዜን ሳነብ የገረመኝ ነገር አለ። ዜን ራሱ በቃልና በፊደል ላይ አትደገፉ የሚል ወግ ነው። ሆኖም የዜን ሰዎች የጻፉት ግጥምና ጽሑፍ ተቆጥሮ አያልቅም። የሶቶን ወግ ከቻይና ወደ ጃፓን ያመጣው ዶገን (እ.ኤ.አ. 1200–1253) ራሱ በሕይወቱ ሙሉ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። በ1223 ወደ ቻይና ተሻግሮ በ1227 ነው የተመለሰው። ከዚያ ጉዞ የተረከው አንድ ነገር ከጽሑፍ ጠረጴዛዬ አይለይም። በአንድ ገዳም ግቢ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ፣ ባርኔጣ እንኳ ሳያደርጉ፣ ጀርባቸው የጎበጠ አንድ አረጋዊ የወጥ ቤት ኃላፊ እንጉዳይ ሲያሰጡ ያገኛል። ዶገን ያዝንላቸውና ለምን ረዳቶች አያሠሩም ይላቸዋል። ሽማግሌው ሌሎቹ እኔ አይደሉም ይሉታል። ታዲያ ፀሐዩ እስኪበርድ ለምን አይጠብቁም ሲላቸው ደግሞ፣ ታዲያ እስከ መቼ ልጠብቅ ብለው ይመልሱለታል።

ይህን ሳነብ ስንት ጊዜ «ኑሮዬ ሲረጋጋ እጽፋለሁ» እንዳልኩ ታሰበኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ ጉዳይ ሲያልቅ፣ ቀን ሥራ ሳገኝ፣ ልጆች ሲያድጉ እያለ ስንት ሰው ታሪኩን ይዞ ቀረ። የዚያች ሴትና የወተቱን ታሪክ እኔ ካልጻፍኩት የሚጽፈው የለም። ሌላ ሰው ሌላ ታሪክ ይጽፋል።

ጽሑፍና ዜንን አገናኝታ ብዙ ሰው ዘንድ ያደረሰችው አሜሪካዊቷ ናታሊ ጎልድበርግ ናት። አስተማሪዋ ዳይኒን ካታጊሪ የሚባሉ ጃፓናዊ መነኩሴ ነበሩ፤ እኔ በምኖርበት በሚኒያፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1972 የዜን ማዕከል መሥርተው በ1990 እስካረፉ ድረስ ያስተማሩ ሰው። ጽሑፍን ራሱን መንፈሳዊ ልምምድሽ አድርጊው ብለው እንደመከሯት እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመችው መጽሐፍ ተርካዋለች። ልብ ወለድ ጸሐፊዋ ሩት ኦዜኪም የሶቶ ዜን ካህን ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ነው የተሾመችው። ስለዚህ ዜን ለአጭር ግጥም እንጂ ለረጅም ልቦለድ አይሆንም የሚሉትን አትስሟቸው።

ከጎልድበርግ የወሰድኩት በሰዓት መጻፍን ነው። 10 ደቂቃ ሙሉ፣ እጅ ሳይቆም፣ ሳይሰርዙ፣ ወደ ኋላ ሳይመለሱ። ሐሳብ ሲያልቅ «ሐሳብ አለቀብኝ» ብሎ እየጻፉ መቀጠል። ትንፋሽ ስትቆጥሩ ወደ አንድ እንደምትመለሱት፣ እዚህም ወደሚንቀሳቀሰው እጅ ትመለሳላችሁ። ከመቀመጥ ወደ መጻፍ የሚያሻግረኝ ይህ ነው፤ በሁለቱ መሃል ስልክ አልነካም።

ለአማርኛ ጸሐፊ ግን የራሱ እንቅፋቶች አሉት። አንደኛው ፊደል ነው። «ሐዘን» ልጽፍ እልና የትኛው ሀ ነው ብዬ እቆማለሁ። ሠራዊት በየትኛው ሰ ነው? ዓይን በየትኛው አ? አንዴ ለዚህ ከቆማችሁ እጃችሁ ቆመ፣ በውስጣችሁ ያለው አርታኢ ነቃ፣ ታሪኩ ሄደ። በ10 ደቂቃው ውስጥ የመጣላችሁን ፊደል ጻፉ። የማረም ቀን አለው። ሁለተኛው በውጭ አገር ለምንኖር ነው፤ የአማርኛው ቃል ጠፍቶ እንግሊዝኛው ይቀድማል። እሱንም እንደመጣ በፊደላችን ጻፉትና እለፉ፤ በኋላ ስታነቡት አንዳንዱ አማርኛ ያገኛል፣ አንዳንዱ ደግሞ ገጸ ባሕርይዋ በእውነት የምትናገረው እንደዚያ ስለሆነ ባለበት ይቀራል። ሦስተኛው ስልክ ነው። በስልክ አማርኛ መጻፍ ለእኔ ዝግ ያለ ነው፤ መተየቢያው የራሱን ቃል እያቀረበ ያቋርጠኛል። ስለዚህ በሰዓት ስጽፍ ደብተርና ቢክ ነው የምይዘው።

በምን ልጀምር ለሚል፦ በሐሳብ አትጀምሩ፣ በነገር ጀምሩ። የአንድ ሰው እጅ። ያደጋችሁበት ቤት በር ሲከፈት የሚያሰማው ድምፅ። አየር ማረፊያ ሊሸኛችሁ የመጣ ሰው የለበሰው ልብስ። ስለ ስደት ወይም ስለ ፍቅር ልጻፍ ብላችሁ ከተነሣችሁ 10 ደቂቃው በሙሉ በአስተያየት ያልቃል።

ይህ ወደ ማየት ይወስደኛል። ዛዜን ለጽሑፌ ከመቆየት ቀጥሎ የሰጠው ይህን ነው። ግድግዳ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ የምታዩት ግድግዳ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ነጭ ነው ትላላችሁ፣ ቆይታችሁ ግን ነጭ እንዳልሆነ ታያላችሁ። ስንጥቅ አለው፣ የቀለም ብሩሽ መሥመር አለው፣ ጠዋትና ማታ መልኩ ይለያያል። ስም ሰጥቶ ማለፍ ይቀንሳል። የጃፓኑ ገጣሚ ማትሱኦ ባሾ (1644–1694) ዜንን ቡቾ ከሚባል መነኩሴ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1686 የጻፋት ሦስት መሥመር ዛሬም ትነበባለች፤ አሮጌ ኩሬ አለ፣ እንቁራሪት ዘልላ ትገባለች፣ የውኃው ድምፅ ይሰማል። በቃ። ገጣሚው ምን እንደተሰማው አልነገረንም። አንባቢው ራሱ ኩሬው ዳር ይቆማል።

እኔ በፊት እንዲህ እጽፍ ነበር፦ «ሽማግሌው ብቸኛ ነበር። ልጆቹ ረስተውታል፣ ልቡም በሐዘን ተሰብሯል።» ይህ ፍርድ ነው፤ አንባቢው የሚሠራው ነገር የለም። ያንኑ ገጸ ባሕርይ በኋላ እንዲህ ጻፍኩት፦ «ማታ ማታ ሁለት ፎጣ ያጥፋል። አንዱን ትራሱ ሥር ያደርገዋል። ሁለተኛውን ማንም የማይቀመጥበት ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል።» ብቸኛ የሚለው ቃል የለም፣ ብቸኝነቱ ግን ጨመረ። ይህን በማንኛውም የጽሑፍ ኮርስ ላይ ያስተምሯችኋል። እኔም ሰምቼው ነበር። ምክሩ እጄ ውስጥ የገባው ግን ሕመምን «ሕመም» ብዬ ሳልጠራ፣ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ እያየሁ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

ያልሰጠኝንም ልናገር። ዜን የታሪክ አወቃቀር አያስተምርም። ግጭት የት እንደሚጀመር፣ ማን ምን ሲያውቅ ታሪኩ እንደሚዞር፣ ምልልስ እንዴት እንደሚያጥር የሚያስተምረው ንባብ ነው። ብዙ ማንበብ፣ የወደዱትን ታሪክ ፈትቶ እንዴት እንደተገጣጠመ ማየት። የአማርኛችሁንም ሀብት የሚጨምረው ይኸው ንባብ ነው፣ ከሰው ጋር መጫወት ነው፣ እናቶች ሲያወሩ መስማት ነው።

ደግሞም ማረም ዛዜን አይደለም። ትራሱ ላይ የመጣውን ሁሉ ሳትፈርዱ ታሳልፋላችሁ፤ ረቂቅ ላይ ግን መፍረድ አለባችሁ፣ ያለ ርኅራኄ። በሰዓት የተጻፈ ነገር ሁሉ ቅዱስ ነው፣ አይነካም የሚሉ ሰዎች ገጥመውኛል። አልስማማም። ከ10 ደቂቃው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መሥመር ነው የሚተርፈው፤ ያቺ ሁለት መሥመር ግን በሌላ መንገድ አትገኝም ነበር። መጻፊያውንና ማረሚያውን በቀን ለዩት። እኔ ጠዋት የጻፍኩትን ያን ቀን አላርምም። ከተቻለም ጽሑፉን በድምፅ የምታነቡለት አንድ የምታምኑት ሰው ይኑራችሁ።

ሃይማኖት። ይህን የሚጠይቀኝ ብዙ ነው፣ ሊጠየቅም ይገባዋል። እኔ ተዋሕዶ ነኝ። የዜን ቤቶች የሚያነቡት የራሳቸው ጸሎት አላቸው፣ መሠዊያና መስገድም አለ። መጀመሪያ ቀን ቀርቤ አልሰግድም፣ ከእናንተ ጋር አላነብም፣ መቀመጥ ብቻ ነው የመጣሁት አልኳቸው። ማንም አላስቸገረኝም። የንስሐ አባቴንም አማከርኩ። «መቀመጥሽ አይደለም ልጄ፣ ስትቀመጪ ማንን ትጠሪያለሽ ነው ጥያቄው» አሉኝ። ማንንም አልጠራም፣ ትንፋሼን እቆጥራለሁ አልኳቸው። እንግዲያው ጸሎትሽን አስቀድሚ አሉኝ፤ እንደዚያው አደርጋለሁ። የአባቶቻችን አርምሞ በእግዚአብሔር ፊት መቆም ነው፤ እኔ ግድግዳ ፊት ለፊት የማደርገው እሱ አይደለም፣ አንድ ናቸው ብዬም አላውቅም። የእናንተ ኅሊና የሚከብደው ከሆነ ደግሞ ተዉት። መቆየትን በሌላ መንገድም ይማሩታል።

አንድ ሌላ ነገር በጣም አጥብቄ ልናገር። ከመካከላችን ጦርነት ያየ አለ፣ እስር ቤት የነበረ አለ፣ በረሃና ባሕር ያቋረጠ አለ፣ አረብ አገር ሰው ቤት ውስጥ ግፍ የተሠራባት አለች። ዝም ብላችሁ ስትቀመጡ ያ ነገር ሊመጣ ይችላል። ስትጽፉም ሊመጣ ይችላል። መቆየት ጥሩ ነው ስል ሁሉን ቻሉት ማለቴ አይደለም። የጉልበት መደንዘዝና የጉልበት ውጋት እንደሚለያዩት፣ ይህም ይለያያል። ትንሽ መጨነቅ፣ ዕንባ መምጣቱ፣ ልነሣ ማለቱ ይታለፋል። ልባችሁ ከልክ በላይ የሚመታ፣ ያላችሁበት ክፍል የሚጠፋባችሁ፣ ከዚያ በኋላ ሌሊቱን የማያስተኛችሁ ከሆነ ግን አቁሙ። ዓይናችሁን ግለጡ፣ እግራችሁን መሬት ላይ አድርጉ፣ የምታዩትን ነገር ስም ጥሩ፣ ውጡና ሰው ጋር ሂዱ። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማነጋገርም አያሳፍርም። ያ ታሪክ ዛሬ መጻፍ የለበትም። ለመጻፍ ብላችሁ ራሳችሁን አታቁስሉ።

ሴሺን የሚባል የቀናት ሱባኤ መሰል ነገር አለ፤ ብዙውን ጊዜ እስከ ሰባት ቀን ይሄዳል፣ ንግግር የለም፣ አብዛኛው ቦታም ማንበብና መጻፍ አይፈቀድም። ለጀማሪ አልመክረውም። የየዕለቱ 10 ደቂቃ ለጽሑፍ የበለጠ ይሠራል።

ሌሊት ለምትሠሩ፦ ከሥራ ወጥታችሁ በዚያ ድካም አትቀመጡ፤ እንቅልፍ ነው የሚሆነው። እኔ መጀመሪያ እተኛለሁ። ስነሣ ጸሎት፣ ከዚያ መቀመጥ፣ ከዚያ ደብተር፤ ከዚያ በኋላ ነው ስልክ የምከፍተው። ልጆች ያሏት ጓደኛዬ ደግሞ ትምህርት ቤት ካደረሰቻቸው በኋላ መኪናዋን አቁማ እዚያው አምስት ደቂቃ ትቀመጣለች፣ ደብተሯን መሪው ላይ አስደግፋ አሥር ደቂቃ ትጽፋለች። ቤት ከገባች የቤት ሥራው እንደማያስቀምጣት ታውቃለች።

ብቻችሁን የሚከብዳችሁ ከሆነ ሁለት ሰው ይበቃል። ዋሽንግተን ካለች ጓደኛዬ ጋር እሑድ እሑድ እንዲህ እናደርጋለን። እንደዋወላለን፣ ሰላምታ ብቻ ተለዋውጠን 10 ደቂቃ ዝም እንላለን፣ ስልኩ ሳይዘጋ። ከዚያ 10 ደቂቃ እንጽፋለን። ከዚያ አንዳችን ለሌላችን የጻፍነውን እናነባለን። የምትሰማዋ አስተያየት አትሰጥም፣ «ጎበዝ» እንኳ አትልም፤ «ሰማሁ» ብቻ ነው የምትለው። ወሬው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።